ምዕራፍ አራት፦ ደገኛ ሰው ለሞቃት ባሕር ሀገር ሲመርጥ

የምድርን ካርታ ዘርግቶ የሚመለከት ሰው፣ ከምድር ወገብ በስተሰሜንና በስተደቡብ በ23 ዲግሪ ተኩል ገደማ የተሰመሩ ሁለት መስመሮች ያገኛል፤ የመልክዐ ምድር ሊቃውንትም በሁለቱ መካከል ያለውን ምድርና ባሕር ሁሉ የሐሩር ክበብ ይሉታል። መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ10 ዲግሪ አካባቢ ስለሚገኙ፣ በካርታው ፍርድ በዚያው ያለችው ደጋዋ ቀየት ከታይላንድ ዋና ከተማ ከባንኮክ ይልቅ ለምድር ወገብ የቀረበች የሐሩር ሀገር ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ የባቄላውን አበባ ሲያረግፍ ያየ፣ የመንዝ ባናውን ደርቦ ከምድጃ ዳር የማይርቅ የቀየት ገበሬ ይህን ቢሰማ ግን፣ የሊቃውንቱን ቃል በፈገግታ ያሳልፈው እንደሆነ እንጂ አይቀበለውም።

ሁለቱም ወገኖች እውነት ይዘዋል። ፀሐይ ለቀየትም ለባንኮክም በዓመት ሁለት ጊዜ ከአናት በላይ ትቆማለች፤ ነገር ግን ከባሕር ወለል አንድ ሺህ ሜትር ከፍ በተባለ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በ6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ስለሚቀንስ፣ በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖር ሰውና በባሕር ዳር የሚኖር ሰው አንዲት ፀሐይ እየሞቁ በመካከላቸው የ20 ዲግሪ ያህል ልዩነት ይገባል። ስለዚህ ለደገኛ ሰው ሐሩርን መፈለግ መውረድ ነው፤ ይህንንም ከመንዝ አፋፍ ወደ ጀማ ሸለቆና ወደ ቀወት ቆላ ሲወጡ ሲወርዱ የኖሩት አባቶቻችን በሚገባ ያውቁት ነበር። ማሽላና ጥጥ ፈልጎ ቆላ የሚወርድ ደገኛ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ወሩ ነበር፤ ዝናሙ አባርቶ ውሃው በየስርጓጉጡ በሚያቁርበት በመስከረምና በጥቅምት ንዳድ እንደሚበረታ፣ ክረምቱ ሲከብድም ወንዙ እንደሚሞላና መሻገሪያ እንደማይገኝ ያውቃልና፣ ጊዜውን ሳይመረምር ቁልቁለቱን አይጀምርም።

የዛሬ መንገደኛ ግን ብዙ ጊዜ ነገሩን ከሥዕል ይጀምራል። ነጭ አሸዋ፣ ያዘነበለ የኮኮናት ዛፍና ሰማያዊ ውሃ ያየበትን ሀገር ስም ይይዝና፣ ቲኬቱን ከገዛ በኋላ ስለ ዝናሙ፣ ስለ ቪዛውና ስለ ወባው መጠየቅ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ደግሞ መልሱ ምንም ቢሆን ገንዘቡ ወጥቷል። የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ አጭር ዕረፍት ያለው፣ ጓዙን በጀርባው ተሸክሞ በራሱ ወጪ ባሕር ማዶ የሚሻገር ሰው፣ አስቀድሞ ወሩን፣ ቀጥሎ ርቀቱን፣ ከዚያም የመግቢያ ፈቃዱንና ጤናውን፣ በመጨረሻም የሀገሩን ስም ይምረጥ። በዚህ ሥርዓት የሄደ ሰው ምርጫው ከብዙ ሀገሮች ወደ ሁለት ወይም ሦስት ይጠብለታል፤ ከእነዚያም የትኛውን ቢወስድ አይከፋም።

የዕረፍቱ ልክ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ዕረፍት ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላም በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምርለታል። መምህር የሆነ ሰው ደግሞ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በክረምት ሰፋ ያለ ጊዜ ያገኛል። ከዚህ ልክ ላይ መጀመሪያ የሚቀነሰው ማንም የማይቆጥረው የመንገድ ቀን ነው፤ ከመንዝ ተነሥቶ በጣርማ በርና በደብረ ብርሃን አድርጎ አዲስ አበባ ለመድረስ አንድ ቀን ይሄዳል፣ ሲመለሱም እንዲሁ፤ ከደጋ ብርድ ወጥቶ በሙቀትና በወበቅ መካከል ያረፈ ሰውነትም ራሱን እስኪያገኝ አንድ ሁለት ቀን ይወስዳል። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ተኩል ዕረፍት የወሰደ ሰው በባሕሩ ዳር በእርግጥ የሚኖረው ዐሥር ቀን ቢሆን ነው።

የመርሐቤቴ ተወላጅ የነበሩት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን በተላኩ ጊዜ፣ በምድር ባቡር ወደ ጂቡቲ ወርደው በመርከብ የሕንድን ውቅያኖስ ሲሻገሩ ሳምንታት አልፈዋል፤ ያዩትንም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው ለሀገራቸው ሰው አስተላልፈዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በመጋቢት 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ካደረገ ወዲህ ያ የባሕር መንገድ በእጅጉ አጥሯል፤ ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደ ሞምባሳ ወይም ወደ ዛንዚባር ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ወደ ሲሼልስ አራት ሰዓት ገደማ፣ ወደ ባንኮክ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይበረራል። አውሮፕላን ግን የመንዝን ኮረብታ፣ የኤምባሲን ደጅ ጥናትና የእንቅልፍን መዛባት አያሳጥርም። በኬንያና በዛንዚባር ሰዓቱ ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ በባንኮክ አራት ሰዓት ይቀድማልና፣ እዚያ የደረሰ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ዓይኑን አፍጥጦ ያድራል።

ከዚህ የሚወጣው ደንብ፣ ለአጭር ዕረፍት አንድ ሀገር፣ በአንዱም ሀገር ቢበዛ ሁለት ማደሪያ ይበቃል የሚል ነው። በጀርባ ጓዝ መጓዝ ለደጋው ልጅ እንግዳ ሥርዓት አይደለም፤ የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ከመንዝ እስከ ጎጃም ሲሻገር ኖሯል፤ ያም ተማሪ ዕውቀት ያገኘው ከደብር ደብር በመዞር ብዛት ሳይሆን የመረጠው መምህር እግር ሥር ተቀምጦ ነው። በዐሥር ቀን ሦስት ሀገር አያለሁ የሚል መንገደኛም አውቶቡስ መናኸሪያና አውሮፕላን ማረፊያ አይቶ ይመለሳል።

አራቱ ክፍላተ ዘመን

የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዓመቱን በአራት ክፍለ ዘመን ይከፍሉታል፦ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መፀው፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ሐጋይ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ጸደይ፣ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ክረምት። ይህ አከፋፈል ለእኛ ደጋ የተሠራ ነው፤ የሐሩር ባሕሮች ዝናም በነፋስ የሚመራ ስለሆነ በእኛ ክረምት በጋ የሆነላቸው፣ በእኛ በጋም ክረምት የሆነባቸው ሀገሮች አሉ። የጉዞ ምርጫ ትልቁ ምሥጢርም ከእኛ ክረምት ወደ እነርሱ በጋ መሻገርን ማወቅ ነው።

በዘመነ ክረምት፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ቀየት በጉምና በበረዶ ተሸፍና፣ ጭቃው እስከ ጉልበት በሚደርስበት ጊዜ፣ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ያለው የምሥራቅ አፍሪቃ ዳርቻ ደረቅና ለዘብ ያለ አየር ያገኛል። የስዋሂሊ ሕዝብ ኩሲ የሚለው የደቡብ ነፋስ በዚህ ወራት ይነፍሳል፤ የቀኑ ሙቀት 28 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሚቆም፣ ከደጋ የወረደ ሰው ሳይጨነቅ ይለምደዋል። የኢንዶኔዢያ ደሴት ባሊም ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ዝናም ያንስባታል፤ ርቀቷ ግን ለአጭር ዕረፍት ይከብዳል። የሕንድ ምዕራባዊ ዳርቻ ኬራላ ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ በታላቁ የዝናም ነፋስ ትመታለች፤ የታይላንድ ምዕራባዊ ባሕርም እስከ ጥቅምት ድረስ ይታወካል። ስለዚህ የክረምት ዕረፍት ብቻ ያለው መምህር ዓይኑን ወደ ሞምባሳና ወደ ዛንዚባር ያቅና።

በዘመነ መፀው ነገሩ ይገለበጣል። የስዋሂሊ ዳርቻ ቩሊ የተባለውን አጭር ዝናም በኅዳር አካባቢ ይቀበላል። ሲሼልስ በጥቅምት፣ የደቡቡ ነፋስ ቆሞ የሰሜኑ ሳይጀምር፣ ባሕሯ ጸጥ ይላል። ታይላንድ በኅዳር መጨረሻ ምዕራባዊ ዳርቻዋ ይጠራል፤ በዚያው ወር ግን በምሥራቅ በኩል በባሕረ ሰላጤዋ ያለችው ኮ ሳሙይ ከባዱን ዝናም ትቀበላለች፤ በአንድ ሀገር ውስጥ እንኳ የቱ ዳር ብሎ መጠየቅ እንደሚገባ ይህ ያስተምራል። ቅርባችን የሆነችው ጂቡቲም በበጋዋ ከ40 ዲግሪ በላይ የምትነድ ሀገር ስትሆን፣ ከኅዳር ጀምሮ ለሰው ትመቻለች፤ በታጁራ ባሕረ ሰላጤም በእነዚህ ወራት የዓሣዎች ሁሉ ግዙፍ የሆነው፣ ሰው የማይነካው ዓሣ ነባሪ መሰል ሻርክ ይታያል።

ዘመነ ሐጋይ ለመንገደኛ የዓመቱ መልካም ወራት ነው። በጥርና በየካቲት ታይላንድ፣ የሕንድ ጎዋና ኬራላ ደረቅ ናቸው፤ ዛንዚባርና ሞምባሳም ካስካዚ በተባለው የሰሜን ነፋስ ሙቅና ብሩህ ይሆናሉ፤ ሙቀታቸው ግን ከነሐሴው ይበረታል። የማዳጋስካርና የሞሪሸስ ባሕር በዚሁ ወራት ዐውሎ ነፋስ ይዞራልና ይቅር፤ ሲሼልስም በታኅሣሥና በጥር ዝናም ይበዛባታል።

ዘመነ ጸደይ ከሁሉ ይልቅ ያሳስታል። ፋሲካ በዚህ ጊዜ ስለሚውል ብዙ ሰው ዕረፍት የሚወስደው ያን ጊዜ ነው፤ ነገር ግን ከመጋቢት እስከ ግንቦት የምሥራቅ አፍሪቃ ዳርቻ ማሲካ የተባለውን ረዥሙን ዝናም ይጠግባል፤ ብዙ የእንግዳ ማረፊያም ይዘጋል። ባንኮክ በሚያዝያ የዓመቱን ከባድ ሙቀት ታያለች። በዚህ ወራት የሚመረጠው፣ በሚያዝያ ባሕሯ የሚረጋው ሲሼልስ ብቻ ነው፤ ገንዘቡ የማይበቃው ሰው ዕረፍቱን ለክረምት ቢያቆይ ይሻለዋል።

ሦስት ዳርቻዎችን ቀረብ ብሎ ማየት

ለመጀመሪያ ጊዜ ከደጋ ወደ ባሕር ለሚወርድ ኢትዮጵያዊ በእኔ ፍርድ የስዋሂሊ ዳርቻን የሚተካከለው የለም። ርቀቱ ትንሽ ነው፤ ሰዓቱ አንድ ነው፤ ከዚያም በላይ የስዋሂሊ ሰው ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ነው። ለፈረንጅ ሰባት ሰዓት የሆነውን የጧት ሰዓት እርሱም «ሳአ ሞጃ»፣ አንድ ሰዓት ይለዋል፤ ስለዚህ ከመንገደኞች ሁሉ በቀጠሮ የማይሳሳተው የእኛ ሰው ነው፤ የቲኬቱን ሰዓት ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ያንብብ።

የዛንዚባር አሮጌ ከተማ ስቶን ታውን በ1993 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ጠባብ መንገዶቿን፣ በነሐስ ጉብጉብ ያጌጡ የእንጨት በሮቿንና የባሪያ ገበያ በነበረበት ስፍራ ላይ የቆመውን የአንግሊካን ካቴድራል ለማየት ሁለት ቀን ይበቃል፤ ያ ገበያ የተዘጋው በ1865 ዓ.ም. ነው። በማታ በፎሮዳኒ መናፈሻ ምግብ በየጠረጴዛው ይዘረጋል። ከዳራጃኒ ገበያ አጠገብ ዳላ ዳላ የሚባለውን የሕዝብ ታክሲ ተሳፍሮ ወደ ገጠሩ መውጣት ይቻላል፤ ወጪውም ለእንግዳ ተብሎ ከሚቆም ታክሲ እጅግ ያነሰ ነው።

እዚህ ላይ የባሕሩን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ሰዓቱም በየዕለቱ 50 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይቆያል። በምሥራቃዊው ዳርቻ፣ በፓጄና በጃምቢያኒ፣ ውሃው ሲጎድል እጅግ ርቆ ይሸሻል፤ በተራቆተውም ወለል ላይ የመንደሩ ሴቶች በችካልና በገመድ ያሰሩትን የባሕር ሣር ሲያርሙና ሲሰበስቡ ይታያሉ። ይህ ለዓይን መልካም ነው፤ ለዋና የመጣ ሰው ግን ግማሽ ቀን ይጠብቃል፤ በባዶ እግሩ ከተራመደም የባሕር ጃርት እሾህ ይወጋዋል። በሰሜን ጫፍ ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ የውሃው መጉደል ስለማይጎዳቸው፣ መዋኘት የፈለገ ወደዚያ፣ ኑሮ ማየት የፈለገ ወደ ጃምቢያኒ ይሂድ። በነሐሴ የኩሲ ነፋስ በምሥራቁ ዳር እንደሚበረታም ይታወቅ።

በክረምት የሚሄድ የተዋሕዶ ምእመን ጾመ ፍልሰታ፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ በጉዞው መካከል ይገባበታል። ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል የሚርቅ ሰው በስዋሂሊ ማዕድ አይቸገርም፤ በኮኮናት ወተት የተሠራው የባቄላ ዘር ወጥ ማሃራግዌ፣ ሩዙ፣ የካሳቫ ሥሩና ቻፓቲው ለጾመኛ የተሰናዱ ይመስላሉ፤ ሥጋና ቅቤ እንዳይገባበት ግን አስቀድሞ ይጠይቅ። ሕዝቡ እስላም ስለሆነ፣ ከባሕሩ ዳር ውጭ ትከሻንና ጉልበትን ሸፍኖ መሄድ ጨዋነት ነው፤ ረመዳን በሚውልበት ወር ደግሞ ቀን የሚከፈት ምግብ ቤት ጥቂት ነው።

በኬንያ በኩል ሞምባሳ ፖርቱጋሎች በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የሠሩት ፎርት ጂሰስ የተባለው ምሽግ ያለባት ከተማ ናት፤ በሊኮኒ ጀልባ ተሻግሮ ወደ ዲያኒ ነጭ አሸዋ ይደረሳል። ወደ ሰሜን ያለችው ላሙ በ1994 ዓ.ም. በቅርስነት የተመዘገበች፣ መኪና የማይገባባት፣ ጓዝና ድንጋይ ሁሉ በአህያ የሚጋዝባት አሮጌ የደሴት ከተማ ናት። ለሶማልያ ድንበር ከሚቀርበው አካባቢ ስለሆነች፣ በምድር መንገድ መሄድ ይቅርና በአውሮፕላን ሲሄዱም የወቅቱን የጸጥታ ሁኔታ መጠየቅ ይገባል።

ሲሼልስ 115 ደሴቶች ያሏት ሀገር ናት። በፕራሌን ደሴት ያለው የቫሌ ደ ሜ ሸለቆ፣ በዓለም ካሉት ዘሮች ሁሉ ትልቁን ዘር የሚያፈራው ኮኮ ደ ሜር የተባለው ዘንባባ የሚበቅልበት ሲሆን፣ በ1976 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ወባ የለባትም፤ ለማንም ሀገር ዜጋ ቪዛ አትጠይቅም፤ ነገር ግን በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ፣ የመመለሻ ቲኬትና የተያዘ ማደሪያ ትጠይቃለች። ችግሩ ዋጋው ነው፤ ቤተሰብ በሚያስተዳድረው ማደሪያ ቢያርፉ፣ በሕዝብ አውቶቡስ ቢሄዱ እንኳ ወጪው ከስዋሂሊ ዳርቻ ይበልጣል።

ታይላንድ የእነዚህ ተቃራኒ ናት፤ መሄጃው ውድ፣ መኖሪያው ርካሽ ነው። በባንኮክ የካኦ ሳን ጎዳና የጀርባ ጓዝ ተሸካሚዎች ከዓለም ዙሪያ የሚገናኙባት ስፍራ ናት፤ ባቡሩ፣ የሌሊት አውቶቡሱና ጀልባው በሥርዓት ስለሚሠሩ ብቻውን የሚሄድ ሰው አይቸገርም። ለአንድ ሳምንት ብቻ ከሆነ ግን የመሄጃው ወጪና ድካም ከጥቅሙ ይበልጣል።

ስለ ጤና

የደጋ ሰው ከወባ ጋር ስላላደገ በሰውነቱ ውስጥ መከላከያ የለውም፤ በሀገራችን ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ነውና። ስለዚህ ወደ ኬንያ ዳርቻ የሚሄድ ሰው ከጉዞው በፊት ሐኪም ዘንድ ቀርቦ የመከላከያ መድኃኒት ይጠይቅ፤ ዶክሲሳይክሊን ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ከተመለሱ በኋላም ሐኪሙ እስከ ነገረው ቀን ድረስ ይዋጣል። ከባዱ የወባ ዓይነት ከተነከሱ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ስለሚነሣ፣ ወደ ቀየት ተመልሶ ትኩሳት የጀመረው ሰው ብርድ መታኝ ብሎ ባና ተከናንቦ መተኛት አይገባውም፤ ወዲያው ደሙን ያስመርምር፣ የት እንደ ነበረም ለሐኪሙ ይንገር። ደንጌ የሚባለውን ትኩሳት የምታስተላልፈው ትንኝ ደግሞ በቀን የምትናከስ ስለሆነች አጎበር ብቻውን አይበቃም።

ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ሥጋት ካለባቸው ሀገሮች ስለምትቆጠር፣ ታይላንድ፣ ሕንድ፣ ሲሼልስና ታንዛንያ ከእኛ ሀገር የሚመጣን ሰው የክትባት ቢጫ ካርድ ይጠይቁታል። ክትባቱ የሚጸናው ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም አቀፉ የጤና ደንብ መሠረት ዕድሜ ልክ ያገለግላል። በመጨረሻው ሳምንት የሚሮጥ ሰው ከአውሮፕላን ማረፊያ ሊመለስ ይችላል።

ከወባ ይልቅ ፈጥኖ የሚገድል ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ባሕሩ ራሱ ነው። ከደጋ ልጆች ዋና የሚችል ጥቂት ነው፤ ውሃው ሲያዩት ጸጥ ያለ ቢመስልም በታች ወደ ጥልቁ የሚጎትት ጅረት ሊኖርበት ይችላል። ዋና የማይችል ሰው ውሃው ከወገቡ በላይ እንዳያልፍ፣ ብቻውንም እንዳይገባ፣ በጀልባ ሲሄድም የመንሳፈፊያ ሰደርያ ሳይሰጠው እንዳይሳፈር ለራሱ ሕግ ያድርግ።

ስለ ወረቀትና ስለ ገንዘብ

ፓስፖርቱ ከጉዞው ቀን በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቆይ ይሁን። ኢትዮጵያና ኬንያ ለዜጎቻቸው ቪዛ ካስቀሩ ረዥም ዘመን ሆኗል፤ የሌሎች ሀገሮች ደንብ ግን ስለሚለዋወጥ ከኤምባሲው ራሱ እንጂ ከወሬ አይሰማ። ዛንዚባር ከመስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ እንግዳ ሁሉ 44 ዶላር የሚያወጣ የመድን ዋስትና እንዲገዛ ደንግጋለች፤ ይህም በበጀት ይያዝ። የውጭ ምንዛሪ ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት ይዞ ከባንክ መጠየቅ ይቻላል፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ዋጋ በገበያ የሚወሰን ስለሆነ፣ በመስከረም የታሰበ በጀት በሐምሌ እንደማይበቃ አውቆ መጠባበቂያ መያዝ ብልህነት ነው።

ወጣት ኢትዮጵያውያን ወደ ደቡብ አፍሪቃ በሚወስደው መንገድ በኬንያና በታንዛንያ ብዙ ጊዜ ስለሚያዙ፣ የድንበር ሹም ለመዝናናት የመጣውንም በጥርጣሬ ሊያየው ይችላል። የመመለሻ ቲኬት፣ የማደሪያ ማረጋገጫና ዕረፍት ላይ መሆኑን የሚገልጽ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በወረቀት የያዘ ሰው ጥያቄውን በአጭር ይጨርሰዋል። ከዚህ የከፋም አለ፤ በታይላንድ በኩል ወደ ምያንማር ተወስደው በማጭበርበሪያ ግቢዎች በግዳጅ ከሠሩት መካከል ኢትዮጵያውያን ነበሩበት። ስለዚህ ቲኬቱን ሌላ ሰው ገዝቶ «ዕረፍትም ሥራም ነው» የሚለውን ግብዣ አትቀበሉ።

ስለ ጓዝ

በኢትዮጵያ አየር መንገድ ተራ ማዕረግ በእጅ የሚያዘው ሻንጣ ልክ 7 ኪሎ ነው፤ ወደ ሙቅ ሀገር ለሚሄድም ይህ ይበቃል። ጋቢና ካፖርት ይቅር፤ ነጠላ ግን ለፀሐይም፣ ለፎጣም፣ ለሌሊት አውቶቡስ ብርድም ያገለግላል። ሁለት ቅያሪ ቀጭን ልብስ፣ ለውሃ የማይሳሳ ጫማ፣ ባርኔጣ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት፣ የመድኃኒት ከረጢት፤ ስንቅ ለሚወድ ሰውም በሶ። በሶው ግን በጨርቅ ከረጢት ይቋጠር፤ ኬንያ ከነሐሴ 2009 ዓ.ም.፣ ታንዛንያም ከግንቦት 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የላስቲክ ከረጢትን በሕግ ከልክለዋል፤ ቋንጣም በብዙ ጉምሩክ ስለሚያዝ በቤት ይቅር።

እንግዲህ የተባለውን ሁሉ ወደ ፍርድ ስናመጣው እንዲህ ይሆናል፦ ዕረፍቱ በሐምሌና በነሐሴ ለሆነ፣ ለመጀመሪያም ጊዜ ለሚወጣ፣ ዛንዚባር ወይም የሞምባሳ ዳርቻ፤ በጥርና በየካቲት ሙሉ ዕረፍቱን አጠራቅሞ ለሚወጣ ታይላንድ፤ በሚያዝያ ወይም በጥቅምት ለሚወጣ፣ ኪሱም ለሚፈቅድለት ሲሼልስ። በፋሲካ ሰሞን ርካሽ የዛንዚባር ቲኬት ያገኘ ሰው ግን ዋጋው የረከሰበትን ምክንያት አውቆ ይለፈው። አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ የሚሠራ ሥራ ቢኖር የሀገር ሥዕል መመልከት ሳይሆን፣ ከአለቃህ ዘንድ የዕረፍትህን ወር ማስወሰን፣ ፓስፖርትህ የሚያበቃበትን ቀን ማየትና የቢጫ ወባ ክትባትህን መውሰድ ነው።